የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል የሚደረግ የክለብ ጉዞ፦ ሃያ ሞተር ሳይክል በገጠር መንገድ እንዴት ይመራ?

ጥያቄ — አስተባባሪው

ሰላም ለሁላችሁም። የክለባችን የጉዞ አስተባባሪነት በቅርቡ ወደ እኔ መጥቷል፤ የመጀመሪያው ሥራዬም ብርዱ ሊወጣ ሲል በየዓመቱ የምናደርገውን የገጠር ጉዞ ማሰናዳት ነው። ለወራት ተሸፍነው የከረሙት ሞተር ሳይክሎች የሚነሡበት፣ በብርዱ ምክንያት ሳይገናኙ የቆዩ ሰዎችም እንደገና የሚተያዩበት ቀን ስለሆነ ማንም ሊቀርበት አይፈልግም። የሚያሳስበኝም ይኸው ጉጉት ነው፤ ሁሉም ሊመጣ ስለሚሻ ለመንገዱ ያልተዘጋጀውም አብሮ ይነሣል።

ዘንድሮ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሞተር ሳይክሎች ይኖራሉ። ከነጂዎቹ መካከል በማንኛውም አየር መንዳት የለመዱ አሉ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ዓመት ያልሞላቸውና በብርድ ነድተው የማያውቁም አሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላቸው ሰው አስቀምጠው ይመጣሉ። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው በእርሻ መካከል የሚያልፍ ጠባብ አስፋልት ነው፤ አንዱ ክፍል በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ወንዙንም ሁለት ቦታ በድልድይ ይሻገራል። በዚህ ሰሞን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን 8 ወይም 9 ዲግሪ ይደርሳል።

እስከ ዛሬ የነበረው ልማድ በማለዳ ተነሥቶ ሁሉም በአንድ ሰልፍ፣ ከአንድ መሪ በስተኋላ እንዲጓዝ ነው። ይህ ልማድ ለዚህ ወቅት ይስማማል? በስንት ሰዓት እንነሣ? ሰልፉስ በአንድ ይሂድ ወይስ ይከፈል? አዲሶቹንስ የት ላስቀምጣቸው? በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ልምድ ያላችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።


መልስ — የአስፋልት ዳር

የመነሻውን ሰዓት የሚወስነው የነጂዎቹ ልማድ ሳይሆን አስፋልቱ መሆን አለበት። በሞተር ሳይክሉ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ የሚነግራችሁ የአየሩን ሙቀት ነው፤ የመንገዱን አይደለም። ጥርት ካለ ሌሊት በኋላ አየሩ 3 ዲግሪ እያሳየ በጥላ ሥር ያለው አስፋልት ገና ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። በላዩ የሚጋገረው ስስ በረዶ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ለዐይን የሚታየው የአስፋልቱ ጥቁረት ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ ሲያዩት እርጥበት ብቻ ይመስላል። ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘውና ከሥሩ ሙቀት የሚሰጠው መሬት ስለሌለው ነው። እርስዎ የገለጹት መንገድ ሁለት ድልድይና አንድ ደን ስላለው ሦስቱንም ቦታዎች ፀሐይ ከደረሰችባቸው በኋላ እንጂ በፊት አትለፉባቸው። እኔ ብሆን ፀሐይ ከወጣች ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በኋላ እነሣለሁ፤ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራትም ጉዞውን እጨርሳለሁ፤ ምክንያቱም ቀን የቀለጠው ውኃ አመሻሹ ላይ ተመልሶ ይጋገራል።

ሁለተኛው ነገር በረዶው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ነው። በብርዱ ወራት መንገዱ በበረዶ እንዳያንሸራትት ተብሎ የተበተነው ጨውና አሸዋ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ከመንገዱ አይለቅም። የመኪኖች ጎማ ከዱካቸው ላይ ጠርጎ ወደ መንገዱ መሐልና ወደ ዳሩ ስለሚገፋው፣ በኩርባ ላይ ሞተር ሳይክል ተጋድሞ በሚያልፍበት መስመር ላይ ተከምሮ ይገኛል። ስለዚህ የጎማ ዱካውን ይዞ መሄድና ኩርባውን ከለመዱት ፍጥነት ዝቅ ብሎ መግባት ይበጃል። በዚህ ወቅት አዲስ ጉድጓድም ይበዛል። በስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ ሲጋገር መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር አስፋልቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል፤ አምና ለስላሳ የነበረው መንገድ ዘንድሮ እንደዚያው ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። በእርሻ መግቢያዎች ላይ ደግሞ ትራክተር ያወጣው ጭቃ ይኖራል፤ ጭቃው ውኃ ከጠጣ ከበረዶ ብዙም አይሻልም። አስተባባሪው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ መንገዱን በመኪናም ቢሆን ዞሮ ቢያየው በጽሑፍ ከሚሰጥ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይጠቅማል።

ስለ ጎማም ላንሣ። የጎማ ነፋስ ግፊት ከሙቀቱ ጋር ይወርዳል። 20 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ 36 ፒኤስአይ ተብሎ የተለካ ጎማ ውጪ 2 ዲግሪ ላይ ሲቆም 3 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ልኬቱ በውጪው ብርድ፣ ገና ሳይነዳ ይሁን፤ መንገድ እንዲቆነጥጥ በሚል ሰበብም ከአምራቹ መጠን በታች አታውርዱት። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲያንስ የአብዛኛው የተለመደ ጎማ ላስቲክ ይደርቃል፤ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል። አንዳንዶች ጎማ ለማሞቅ ብለው ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል፤ በቀዝቃዛ ጎማ መጋደም ግን የሚፈሩትን ነገር መጥራት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሉን ሳያጋድሙ እየነዱ ለስለስ አድርጎ ነዳጅ መስጠትና ለስለስ አድርጎ ፍሬን መያዝ ጎማውን በተሻለ ያሞቀዋል። ሻይ ለመጠጣት በቆማችሁ ቁጥር ጎማው ተመልሶ እንደሚቀዘቅዝም አትዘንጉ፤ ከእረፍት በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች እንደ መነሻው ሁሉ ጥንቃቄ ይሻሉ።


መልስ — ኋለኛው

በክለባችን ጉዞዎች ላይ ቦታዬ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው ከኋላ ስለሚታየው ነገር ነው። ሃያ ሞተር ሳይክል በአንድ ሰልፍ ማስኬድ ለዚህ ወቅት አይስማማም፤ አትሞክሩት ብዬ በግልጽ ልናገር።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያልፋል። ነጂዎቹ ግራና ቀኝ ተፈራርቀው፣ በሰያፍ ከፊታቸው ካለው የአንድ ሰከንድ፣ በቀጥታ ከፊታቸው ካለው ደግሞ የሁለት ሰከንድ ርቀት ቢጠብቁ የሃያው ሰልፍ ርዝመት ከ420 ሜትር በላይ ይሆናል። መሪው ከአንድ መንደር ወጥቶ ፍጥነቱን ከ50 ወደ 80 ሲያሳድግ የመጨረሻው ሰው ገና መንደሩ ውስጥ ነው። እሱ በሕጉ መሠረት በ50 ሲወጣ መሪው ርቋል፤ ክፍተቱን ለመዝጋት ከ80 በላይ መንዳት ይኖርበታል። ይህ በየመንደሩ፣ በየኩርባውና በየመጋጠሚያው ይደጋገማል። ፊት ያለው ሰው ዘና ብሎ እየነዳ ኋላ ያለው ቀኑን ሙሉ ሲያሳድድ ይውላል፤ አዲሱ ነጂ ደግሞ ሌሎችን ላለማስቸገር ብሎ ወደ ኋላ የመቅረት ልማድ ስላለው፣ ከሁሉ በላይ መፍጠን የሚገደደው ከሁሉ በታች ልምድ ያለው ሰው ይሆናል። ከኋላ ሆኜ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር ነው፦ ኩርባው ከመድረሱ በፊት የፍሬን መብራቱ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ይላል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል፤ ዐይኑን ከኩርባው መውጫ አንሥቶ ከፊቱ ባለው ሞተር ሳይክል የኋላ መብራት ላይ ይተክለዋል። ከዚያ በኋላ ፊተኛው የገባበትን ሁሉ ይከተላል፤ ፊተኛው ጠጠር ላይ ከወጣ እሱም ይወጣል።

ስለዚህ ሰልፉን ክፈሉት። የአሜሪካው የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን ለጋራ ጉዞ ተስማሚ የሚለው ቁጥር ከአምስት እስከ ሰባት ነው፤ እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው። ሃያው ሰው አራት ቡድን ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን መንገዱን የሚያውቅ መሪና ልምድ ያለው ኋለኛ መድቡ፤ በመካከላቸውም አምስት ደቂቃ ያህል ልዩነት ይኑር። ማረፊያው አንድ ስለሆነ ሁሉም እዚያ ይገናኛል፤ የአብሮነቱ ደስታ አይቀርም፤ መንገድ ላይ እያለን በሄልሜት ውስጥ ማንም ከማንም ጋር አያወራም።

አዲሱ ነጂ ከመሪው ቀጥሎ ይሁን። እዚያ ሲሆን ክፍተት የመዝጋት ጭንቀት የለበትም፤ የመሪውን መስመርና የፍሬን ሰዓት እያየ ይማራል፤ መሪውም በስፖኪዮ ሁልጊዜ ስለሚያየው ፍጥነቱን በእሱ ልክ ያደርጋል። ሰው ከኋላቸው ያስቀመጡት ደግሞ መሐል ይግቡ፤ ክብደቱ የፍሬናቸውን ርቀት ስለሚለውጠው ተጨማሪ ክፍተት ይሰጣቸው። ግራና ቀኝ ተፈራርቆ መሄድ የሚሠራው ቀጥ ባለና ንጹሕ በሆነ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ደኑ ውስጥ፣ በኩርባ፣ ጭጋግ ሲኖርና አስፋልቱ በቆሸሸበት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ተከታትላችሁ፣ ክፍተቱንም ቢያንስ ሁለት ሰከንድ፣ መንገዱ እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ አድርጉት። መሬት ላይ ጨው ወይም ጠጠር ያየ ሰው ለማስወገድ የመስመሩን ሙሉ ስፋት ሊፈልግ ይችላልና ጎኑ በሌላ ሰው መያዝ የለበትም።

መጋጠሚያ ላይ ሰው እንዳይጠፋ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው በመጋጠሚያው ላይ ቆሞ ለሌሎቹ አቅጣጫ እያሳየ ኋለኛው እስኪደርስ የሚጠብቅበት፣ ከዚያም ከኋለኛው ፊት ገብቶ የሚጓዝበት ነው። ለትልቅ ሰልፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በየተራው ሁሉም ስለሚቆም አዲሱን ነጂ ብቻውን በመንገድ ዳር፣ ምናልባትም በለሰለሰ አፈር ላይ ያቆመዋል፤ ከመሪው አጠገብም ያርቀዋል። ለትናንሽ ቡድኖች ሁለተኛው ይሻላል፦ እያንዳንዱ ሰው ለኋለኛው ጎረቤቱ ኃላፊ ነው። ወደ መጋጠሚያ ሲደርስ በስፖኪዮ ያያል፤ ከኋላው ያለው ካልታየው ፍሬቻውን እንዳበራ አደጋ በሌለበት ቦታ ይጠብቃል፤ ታይቶት መዞሩን ካረጋገጠ ይቀጥላል። ሁሉም ይህን ካደረገ መልእክቱ እስከ መሪው ድረስ በራሱ ይደርሳል፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰውም እንደማይተዉት ስለሚያውቅ አይሯሯጥም።

ትራክተር ስትቀድሙ እያንዳንዱ በራሱ ዐይን አይቶ፣ በራሱ ፍርድ ይቅደም። መሪው በእጁ «ኑ» ብሎ አይጥራ፤ እሱ ሲያልፍ ባዶ የነበረው መንገድ ሦስተኛው ሲወጣ ባዶ ላይሆን ይችላል። የቀደመው ሰው ደግሞ ወዲያው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ለተከታዩ መግቢያ የሚሆን ቦታ ይልቀቅ።


መልስ — ሰንሰለታማ

ሁላችሁም መልካም ብላችኋል፤ እኔ ግን ጉዞው ለምን አሁን እንደሚደረግ እጠይቃለሁ። አንድ ወይም ሁለት ከባድ ዝናብ ጨውን ከመንገዱ እስኪያጥበው መጠበቅ የሚጎዳው ነገር የለም። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ለወራት ላልነዳ ሰው ረጅም ነው። ወደ 90 ወይም 100 ዝቅ ቢደረግና ደኑ ያለበት ክፍል ቢቀር ጉዞው ምንም አይጎድልበትም። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜም አባላቱ ባዶ ሜዳ ላይ ተገናኝተው ድንገተኛ ፍሬንና ዝግ ያለ መታጠፍ ቢለማመዱ እጅና እግራቸው የረሳውን ያስታውሳል። የሚሄድ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ሞተር ሳይክሉን በዚያው ቀን በቀዝቃዛ ውኃ ይጠብ፤ ሙቅ ውኃ የጨውን ብረት የመብላት ኃይል ያፋጥነዋል። ካቴናውንም አድርቆ ይቀባ።


መልስ — ወፍራም ጓንት

ሁሉም ስለ መንገዱ ጻፈ፤ ስለ ሰውነት ግን ገና ማንም አላነሣም። ለእኔ በዚህ ወቅት ከበረዶ ያላነሰ ጠላት ቀስ ብሎ የሚገባው ብርድ ነው።

አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ነፋሱ ያገኘው ገላ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል ነው። ሰውነት የውስጡን ሙቀት ለመጠበቅ ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ፍሪሲዮንና ፍሬን የሚይዙት ደግሞ እነዚያው ጣቶች ናቸው። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ወይ ዘግይቶ ይይዛል ወይ ከሚገባው በላይ ይጨምቃል፤ በቀዝቃዛ ጎማ ላይ ሁለቱም መጥፎ ናቸው። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ፍርድ ይዛባል፤ ሰውየውም ደህና ነኝ ይላል። ከዚያ በጣም ቀደም ብሎም ትኩረት ይቀንሳል። ፍሬቻውን ሳያጠፋ ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ማርሽ የሚሳሳት፣ ሲቆም እግሩን ዘግይቶ የሚያወርድ ሰው ካያችሁ በርዶታል ማለት ነውና አትጠይቁት፤ አስቁሙት።

ልብስን በተመለከተ ከገላ ጋር የሚነካካው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብን ይዞ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ ወይም ለስፖርት የተሠራ ስስ ልብስ ይሻላል። በላዩ የሚያሞቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ይደረብ። አንገት ክፍት ከሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ጓንቱ ወፍራም ቢሆን መልካም ነው፤ ግን ጣት ካጠበበ ደም ስለሚከለክል ይበልጥ ያቀዘቅዛል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጓንትና የሚሞቅ እጀታ ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሞተር ሳይክላችሁ ጄኔሬተር ስንት ዋት እንደሚሰጥ ተመልከቱ። ለወራት የቆመ ባትሪም በብርድ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ቻርጅ ይደረግ።

የሄልሜት መስታወት በትንፋሽ መጋረዱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፒንሎክ የሚባለው ተለጣፊ ውስጣዊ መስታወት በሁለቱ መካከል አየር ይዞ ስለሚያቆይ እንፋሎቱን ይከለክላል። እሱ የሌለው ሰው መስታወቱን ጥቂት ከፍቶ ይነዳል፤ ያን ጊዜ ዐይኑ ያለቅሳል። በዚህ ወቅት ደግሞ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በጨው የቆሸሸ መስታወት ፊት ለፊት ብርሃን ሲያገኘው ምንም አያሳይም፤ በየማረፊያው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

እረፍት በየ45 ደቂቃው ይሁን፤ ቦታውም ቤት ውስጥ፣ ሙቅ ነገር የሚጠጣበት ይሁን። በነፋስ መንገድ ዳር ቆሞ ማረፍ እረፍት አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነጂው ቢከልለውም ሳይንቀሳቀስ ስለሚውል ቶሎ ይበርደዋል፤ ነጂው ሳይሰለች ይጠይቀው።


ምላሽ — አስተባባሪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰልፉን በአራት እከፍለዋለሁ፤ መነሻውንም ወደ ረፋዱ አሳልፋለሁ፤ መንገዱንም ደኑን ትቼ ወደ 100 ኪሎ ሜትር አሳጥረዋለሁ። ቀኑን ማዛወር ግን አልቻልኩም፤ ብዙዎቹ አባላት ሥራቸውን ያመቻቹት ለዚያ ቀን ነው። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ጠዋት አየሩ ከተበላሸ ጉዞውን የመሰረዝ ውሳኔ የማን ይሁን? ነባሮቹ አባላት ፍጥነቱ አነሰ ብለው ቢያማርሩስ ምን ልበላቸው?


መልስ — ኋለኛው

ውሳኔው በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ያም ሰው እርስዎ ነዎት። ጠዋት ሃያ ሰው ተሰብስቦ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ልብስ ተለብሶ እያለ በድምፅ ብልጫ ይወሰን ቢባል ማንም እንቅር አይልም። ስለዚህ መለኪያውን አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት አየሩ ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ወይም ሌሊቱን ዘንቦ ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ወይም ጭጋጉ ካልተነሣ፣ ጉዞው በመኪና ይደረጋል፤ ማረፊያው ላይ እንገናኛለን። መገናኘቱ ካልቀረ መሰረዙ ያን ያህል አይከብድም። መንገድ ላይ ደግሞ ማንኛውም የቡድን ኋለኛ ቡድኑን የማስቆም ሥልጣን ይኑረው፤ መሪው የማያየውን የሚያየው እሱ ነውና።

ስለ ነባሮቹ፣ ቅሬታቸውን ወደ ሥራ ይለውጡት። መፍጠን የሚፈልገው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥሩ ነጂ ነው፤ ለቡድን መሪነት ወይም ለኋለኛነት ይጠይቁት፤ ከመሪው ቀጥሎ ያለውን አዲስ ነጂ በስሙ አስተዋውቀው «ይህን ሰው ወስደህ የምትመልሰው አንተ ነህ» ይበሉት። አደራ የተሰጠው ሰው ፍጥነቱን ራሱ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ ተነግሮት አሁንም በራሱ ፍጥነት ልሂድ የሚል ካለ አይጣሉት፤ ከሁሉም በፊት ብቻውን ይነሣና ማረፊያው ላይ ይጠብቃችሁ። በቡድን ውስጥ ሆኖ ሌላውን ከሚጎትት ያ በጣም ይሻላል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የቤንዚን መሙያ ቦታዎችን የሚወስነው ከሁሉ ትንሹ ሰልባትዮ ስለሆነ እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሁሉም ሞልቶ ይምጣ። ለእያንዳንዱ መሪና ኋለኛም የቡድኑን አባላት ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ሰው በአደጋ ጊዜ የሚደወልለትን ስልክና የማረፊያዎቹን ቦታ በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ በብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ በወፍራም ጓንትም ስልክ አይነካም።